ከቆጣሪው እስከ ካቴናው፦ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ኃይል ለመቆጠብና የብስክሌት ጥገና ቤት ለመክፈት

በየዩኒቨርሲቲው ግቢ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አይጠፋም። በየኮሪደሩ «መብራት ያጥፉ» የሚል ወረቀት ይለጥፋል፤ ክረምት ሲገባ ችግኝ ይተክላል፤ መሪዎቹ ጂሲ ሲሆኑ ይቀዘቅዛል፤ ሲመረቁ ይከስማል። ይህ መመሪያ ከዚያ አልፈው መሄድ ለሚፈልጉ ተማሪዎችና አብረዋቸው ለሚቆሙ መምህራን ነው። ሁለት ሥራ ይዟል፤ አንዱ የግቢውን የኃይል ፍጆታ መቀነስ፣ ሌላው ተማሪው በገዛ እጁ የሚጠግንበት የብስክሌት ቤት መክፈት። ላይ ላዩን ሲታዩ አይገናኙም። የሚገድላቸው በሽታ ግን አንድ ነው፤ ባለቤታቸው ተማሪ ነው፣ ተማሪ ደግሞ ይመረቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን እያንዳንዱን ሥራ «እኛ ስንወጣ ይህን ማን ይረከባል?» እያላችሁ አንብቡት። መልስ ያላገኛችሁለትን ሥራ ለጊዜው ተዉት።

«መብራቱ ከውሃ ነው፤ ምን አስጨነቃችሁ?»

በመጀመሪያው ስብሰባ ይህን የሚጠይቅ ሰው አይታጣም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከግድብ ውሃ ይመነጫል፤ ነፋስም ድርሻ አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኅዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ ከሰል በሚያነድድ አገር የተዘጋጀውን «አንድ አምፖል ስታጠፉ ይህን ያህል ጭስ ትቀንሳላችሁ» የሚለውን ፖስተር ገልብጣችሁ አትለጥፉ። እዚህ አይሠራም፤ የኤሌክትሪካል ተማሪዎችም ይስቁባችኋል።

የእኛ ምክንያቶች ሌሎች ናቸው። አንደኛው ሒሳቡ ነው፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል፤ ለመብራት የሚከፈለው ደግሞ ለመጽሐፍና ለላቦራቶሪ ከሚውለው ከዚያው በጀት ነው። ሁለተኛው ትራንስፎርመሩ ነው። በፈተና ሳምንት ዶርሙ ጨለማ የሚሆነው ሁልጊዜ አገሩ ላይ ኃይል ጠፍቶ አይደለም፤ ለጥቂት ሕንፃ የተተከለ ትራንስፎርመር የሕንፃው ብዛት ሲጨምር ጭነቱን አልችል ብሎ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ጄኔሬተሩ ነው፤ 1 ሊትር ናፍጣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ነው፣ ናፍጣው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። አራተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው፣ ከተማሪዎች ምግብ ቤት ጀርባ የተከመረው እንጨት ነው። ወደሱ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ቆጣሪውን ፈልጉ

ምንም ሳትለጥፉ፣ ምንም ሳትቀይሩ፣ ግቢው የሚበላውን ኃይል የሚቆጥረው ቆጣሪ የት እንዳለ ዕወቁ። ለዚህ የአማካሪ መምህራችሁን ፊርማ የያዘ ደብዳቤ ለጠቅላላ አገልግሎት ክፍል ማስገባት አለባችሁ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የምትጠይቁት ማንበብ ብቻ መሆኑን፣ ሳጥን እንደማትከፍቱና ሽቦ እንደማትነኩ በግልጽ ይናገር። የግቢውን ኤሌክትሪሻን ያኔውኑ ተዋወቁት። ከኃላፊው ይልቅ ለዓመታት አብሯችሁ የሚቆየው እሱ ነው፤ የትኛው መስመር የትኛውን ሕንፃ እንደሚመግብም በቃሉ የሚያውቀው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የትልልቅ ግቢዎች ቆጣሪ ሙሉውን ኃይል በቀጥታ አይቆጥርም፤ በመካከል ባለ መሣሪያ ተቀንሶ የመጣለትን ነው የሚያነበው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የምታዩት ቁጥር በማባዣ መባዛት አለበት። ማባዣው ከቆጣሪው አጠገብ ወይም በወርሃዊው ደረሰኝ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ይህን ሳታዩ የሠራችሁት ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው።

ከዚያ ለሁለት ሳምንት ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ አንብቡ። ከጥበቃ ጋር ተነጋግራችሁ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይና 10 ሰዓት ላይ አንብቡ። ንባቡ ጠንካራ ሽፋን ባለው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ስልክ ላይ የተመዘገበ ነገር ከባለስልኩ ጋር ይመረቃል።

የሌሊቱ ንባብ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ይነግራችኋል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተማሪው ተኝቷል፣ ቢሮው ተዘግቷል፣ ምግብ ቤቱ ገና አልተነሣም። በዚያች አንድ ሰዓት ቆጣሪው የሮጠው ለማን ነው? የሰርቨር ክፍሉና የላቦራቶሪ ማቀዝቀዣዎች የግድ ናቸው። ቀሪውን በእግራችሁ ዞራችሁ ፈልጉት፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ባዶ የመማሪያ ክፍል፣ ማንም የማይታጠብበት ቦይለር፣ ሳይጠፋ ያደረ የኮምፒውተር ክፍል፣ ሌሊቱን የሚያጉረመርም የውሃ ፓምፕ። ያገኛችሁትን በሕንፃ ስምና በክፍል ቁጥር ጻፉት። «በግቢው ብክነት አለ» የሚል ሪፖርት ማንንም አያንቀሳቅስም፤ «ኮምፒውተር ላብ 3 ሌሊቱን ሳይጠፋ አድሯል» የሚለው ግን በማግስቱ መልስ ያገኛል።

ትልቁ ፍጆታ ምጣዱ ላይ ነው

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ነጥብ 5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አንድ ምግብ ቤት 20 ምጣድ አለው እንበል፤ ሁሉም በቀን 10 ሰዓት ቢግሉ 700 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን በአእምሯችሁ ይዛችሁ መብራቱን አስቡ። ከአሮጌው ረጅም ፍሎረሰንት አንዱ ከነባላስቱ 45 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በምትኩ የሚገባው ኤልኢዲ 18 ዋት። 100 ያህሉን ብትቀይሩና በቀን 8 ሰዓት ቢበሩ በቀን 21 ነጥብ 6 ኪሎዋት ሰዓት ትቆጥባላችሁ። እነዚያ 20 ምጣዶች ባዶአቸውን የሚግሉበትን ጊዜ በቀን በአንድ ሰዓት ብታሳጥሩት ግን የምትቆጥቡት 70 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ያውም አንድ ብር ሳታወጡ። ኮሪደሩ ላይ ፖስተር ከመለጠፋችሁ በፊት ወደ ጋገራው ቤት ብትገቡ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ምጣድ ባዶውን የሚግለው በሰነፍ ጋጋሪ ምክንያት አይደለም። ሊጡ ስለሚዘገይ፣ ተራ ስለማይወጣ፣ አክንባሎው ስለተሰበረ፣ መብራት ሊሄድ ይችላል በሚል ስጋት ሁሉም አንድ ላይ ስለሚለኮስ ነው። ስለዚህ ጋጋሪ እናቶቹን ለማስተማር አትሂዱ፤ ለመጠየቅ ሂዱ። «እትዬ፣ ሥራው የሚጓተተው የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጀመር በቂ ነው። አንድ ጠዋት አብራችኋቸው ቁሙና እያንዳንዱ ምጣድ መቼ እንደተለኮሰ፣ የመጀመሪያው እንጀራ መቼ እንደተጋገረበት ጻፉ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው የሊጥ ማቅረቢያውን ሰዓት ማስተካከልና ምጣዶቹን በሁለት ዙር መለኮስ ነው። የተሰነጠቀ ምጣድና ክዳን ይቀየር ብላችሁ ከእነሱ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄው ከጋጋሪዎቹ ሲመጣ ክብደቱ ሌላ ነው።

እንጨቱስ? ወጡና ንፍሮው በማገዶ የሚበስልባቸው ምግብ ቤቶች ዛሬም ብዙ ናቸው። ብዙ ወጪ የማይጠይቁ አራት ነገሮች አሉ። እንጨቱ ይድረቅ፤ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፣ ያን ውሃ ለማትነን የሚጠፋው ሙቀት ድስቱ ጋ አይደርስም፤ የሚተርፈው ጭስ ነው፣ እሱን የሚውጡት ደግሞ አብሳዮቹ ናቸው። ስለዚህ ከግዥ ክፍል ጋር ተነጋግራችሁ እንጨቱ ከመፈለጉ ከወራት በፊት እንዲገባና ቆርቆሮ ተሠርቶለት ከመሬት ከፍ ብሎ እንዲደረደር አድርጉ። ሁለተኛ፣ ይፈለጥ፤ ግንድ እንዳለ የሚማገድበት ምድጃ በቁሙ ይበላል። ሦስተኛ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና አተር ማታ ተዘፍዝፈው ይደሩ። አራተኛ፣ ድስት ይከደን። እንጀራ በእንጨት የሚጋገርበት ቦታ ካለ ሦስት ጉልቻውን በ«ምርጥ» ምድጃ መተካት የማገዶውን ፍጆታ በጣም ይቀንሳል፤ ምድጃው ከሲሚንቶ ተቀርጾ በክፍልፋይ የሚሠራ ስለሆነ የሲቪል ምህንድስና ወርክሾፕ ያለው ግቢ ቅርጹን አግኝቶ ራሱ ሊያመርተው ይችላል። ማሻሻያው መሥራቱን የምታውቁት በሚዛን ነው። ከለውጡ በፊትና በኋላ ለአንድ ሳምንት በቀን የገባውን እንጨት መዝኑ፣ በዚያ ቀን በበላው ተማሪ ቁጥር አካፍሉ።

የሚንጠባጠብ ቧንቧም መብራት ይበላል

ግቢያችሁ ውሃውን ከጉድጓድ በፓምፕ የሚስብ ከሆነ እያንዳንዱ የፈሰሰ ሊትር ኤሌክትሪክ ነው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት በወረቀት ሒሳብ 0 ነጥብ 27 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል፤ የፓምፑና የቧንቧው ብክነት ሲጨመርበት እጥፍ ቢሆን አይግረማችሁ። መለኪያው ቀላል ነው። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ከሚንጠባጠበው ቧንቧ ሥር አድርጉና ሰዓት ያዙ። በ5 ደቂቃ ከሞላ ያ ቧንቧ በቀን 288 ሊትር ያፈስሳል። የዶርሞቹን መታጠቢያዎች በአንድ ቅዳሜ ዞራችሁ በዚህ መንገድ ደረጃ አውጡላቸውና ከላይ ያሉትን አሥር ቧንቧዎች ብቻ ለጥገና ክፍል ስጡ። መቶ ቧንቧ የያዘ ዝርዝር የሰጣችሁት ኃላፊ አንዱንም አይሠራውም። ጋስኬት መቀየር በሳንቲም የሚቆጠር ሥራ ነው።

መብራቱን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ሌሊቱን ሙሉ ከሚበሩት ጀምሩ፤ ኮሪደር፣ መጸዳጃ፣ የግቢው ዙሪያ። በቀን ሁለት ሰዓት የሚበራን ቢሮ ለመጨረሻ ተዉት። ዋስትና የሌለው ርካሽ ኤልኢዲ በዓመቱ ተቃጥሎ የክበባችሁን ስም ይዞ ስለሚጠፋ ጥራቱ ላይ አትደራደሩ። ከመቀየር በፊት ሽፋኑን ከአቧራ ማጽዳትም ሊበቃ ይችላል።

ዶርም ውስጥ ተደብቆ ስለሚለኮሰው ስቶቭ ግን ልናገር። ፕሮክተሮች ይወርሳሉ፣ ተማሪው ሌላ ይገዛል። የኃይሉ ነገር ይቅርና በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሁለት ስቶቭ ተሰክቶ ፍራሽ አጠገብ ሲግል እሳት ነው የሚያስፈራው። እናንተ ፖሊስ አትሁኑ። ተማሪው ስቶቩን የሚለኩሰው አብዛኛውን ጊዜ ለሻይና ለመታጠቢያ ውሃ ነው። በየብሎኩ ምድር ቤት በተፈቀደ መስመር ላይ አንድ የፈላ ውሃ መቅጃ እንዲተከል ጠይቁ፤ ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ይከፈት፤ ተማሪው በፔርሙዝ ይቅዳ። ከፕሮክተሮቹ ጋር ሆናችሁ ካቀረባችሁት የመፈቀድ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ባዮጋዝስ? የምግብ ቤቱ ትርፍራፊ ስላለ ሐሳቡ ያጓጓል። ግን ማብላያው በየቀኑ የሚመግበው ይፈልጋል፤ ክረምት ላይ ተማሪው ሲበተን ይራባል፣ መስከረም ላይ ደግሞ እንደገና ማስነሣት ነው። የከብት እርባታ ያለው የግብርና ግቢ ውስጥ ካልሆናችሁ ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት።

አሁን ወደ ብስክሌቱ

ብስክሌት ሁሉም ቦታ አያዋጣም። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳ ስለሆኑ ከተማው ራሱ የለመደው ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ከፔዳ ግቢ ወደ ፖሊ ግቢ ወይም ወደ ገበያ በሳይክል የሚሄድ ተማሪ ማንም ዞሮ አያየውም። ጎንደር ማራኪ ግቢ ላይ ግን ተማሪውን ብስክሌት ግዛ ማለት መግፋት ልመድ ማለት ነው። ግቢያችሁ ዳገት ከሆነ ይህን ክፍል ለሌላ አንብቡለትና ጉልበታችሁን ምግብ ቤቱ ላይ አውሉት።

በዚህ ረገድ ሊታይ የሚገባው ግቢ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 በአሜሪካ መንገድ ላይ የብስክሌት መስመር በማስመር ቀዳሚ ሆናለች። በ1971 ደግሞ ተማሪዎቹ አሮጌ የእርሻ ጎተራ ውስጥ የብስክሌት ጥገና ቤት ከፈቱ፤ ስሙም እስከ ዛሬ «የብስክሌት ጎተራ» ነው። ከነሱ የምትወስዱት ሁለት ነገር ነው። አዲስ ሕንፃ አልጠበቁም፤ ሥራውንም በበጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ተማሪን እየቀጠሩ አስኬዱት። የቀረው የእነሱ ነገር ለእኛ ብዙም አይጠቅምም፤ የመለዋወጫ ሱቅ በየመንደሩ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

በር ላይ ያለውን ጠጋኝ አማክሩ። ከግቢው በር ውጭ ፖምፓና የውሃ ሳፋ ይዞ የተቀመጠ ጎሚስታ ወይም ብስክሌት ሠሪ ይኖራል። በነጻ የሚጠግን ቤት ከጀርባው ብትከፍቱበት እንጀራውን ዘጋችሁበት ማለት ነው፤ ለአካባቢ የሚቆረቆር ክበብ ከዚህ ቢጀምር አያምርበትም። በምትኩ አስተማሪ አድርጉት። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለጥቂት ቅዳሜዎች ከፍላችሁ ያሠልጥናችሁ፤ ብየዳ፣ የጎበጠ ቸርኬ ማቃናትና የተበላ ኩሽኔት መቀየርን የመሰለው ከባዱ ሥራ ወደ እሱ ይላክ። ክበቡ ሲዳከም እንኳ ተማሪው የሚሄድበት ሰው ይኖራል።

ክፍሉን በልኩ ጠይቁ። ሲሚንቶ ወለልና ሰፊ በር ያለው፣ ለዶርም ወይም ለዋናው በር የቀረበ አንድ መጋዘን ይበቃል። ባዶ ኮንቴነርም ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ስለሚግል ጥላ ሥር አስቀምጡት። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በክበቡ፣ አንዱ በተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ባለ ቋሚ ሠራተኛ እጅ። መስቀያ ለመግዛት አትቸገሩ፤ ከጣሪያው ብረት ላይ ሁለት ገመድ ከነመንጠቆው ወርዶ አንዱ ኮርቻውን፣ አንዱ መሪውን ከያዘ ብስክሌቱ በሚሠራበት ቁመት ይንጠለጠላል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፤ የ15 ቁጥር ቁልፍ ለጎማ ዳዶና ለፔዳል፣ ከ8 እስከ 17 ያሉ ቁልፎች፣ የ4፣ የ5 እና የ6 ሚሊሜትር ባለስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ የካቴና ፒን ማውጫ፣ ጥሩ ፖምፓ። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ስቀሏቸውና የእያንዳንዳቸውን ቅርጽ ዙሪያውን በቀለም አስምሩ። ማታ ሲዘጋ የጎደለው መሣሪያ ባዶ ቅርጹ ይጮኻል። ይህን ሳታደርጉ ከከፈታችሁ በሁለት ወር ውስጥ 15 ቁጥር አይኖራችሁም።

ገንዘብ አትሰብስቡ፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት። በመንግሥት ተቋም ውስጥ ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ የሚሰበሰብ ብር፣ አምስት ብርም ትሁን፣ ኦዲት ሲመጣ አማካሪ መምህራችሁን ያስጨንቃል። የሚሻለው ሥርዓት ይህ ነው፤ ቤቱ መሣሪያና እውቀት ይሰጣል፣ ካላማዳሪውን፣ ፍሬኑን፣ ካቴናውን ተማሪው ከከተማ ገዝቶ ይመጣል። ማስቲሽና ግራሶ የመሰለውን አላቂ ነገር የተጠቀመ ሰው በምትኩ አንድ ሰዓት ቤቱን ያገለግላል፤ ሰዓቱም መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

እጅ ወደ ኋላ

የቤቱ ዋና ሕግ ይህ ይሁን፤ ባለብስክሌቱ ይሠራል፣ አሠልጣኙ ያሳያል። አሠልጣኙ ሲያስረዳ እጁን ወደ ኋላ ያጣምር። ይህ ሕግ ካልተጠበቀ ቤቱ ነጻ ጋራዥ ይሆንና ሁለት ጎበዝ ልጆች ሲደክሙ ይዘጋል። አዲስ የገባ ፍሬሽ አራት ነገር ቢችል ዓመቱን ሙሉ ይነዳል።

ጎማ መለጠፍ የመጀመሪያው ነው። ካላማዳሪውን አውጥታችሁ ነፍታችሁ ውሃ ውስጥ አዙሩት፣ አረፋ የወጣበትን ምልክት አድርጉ፣ አድርቁት። ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ። ማስቲሹን በስሱ ቀቡና ጠብቁ፤ ጀማሪ ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ እርጥብ ሳለ የተለጠፈ ጥፍ አይይዝም፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲነኩት ከጣት ጋር የማይሄድ ሲሆን ነው የሚለጠፈውና በደንብ የሚጫነው። ከመግጠማችሁ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዳሱት። የበሳው የግራር እሾህ አሁንም እዚያው ተሰክቶ ይጠብቃል፤ ካልወጣ ማታውኑ ትመለሳላችሁ። በጣት አትዳስሱ፣ ይወጋል። የንፋሱ መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ በለሰለሰ ጎማ መንዳት ድካም ብቻ ሳይሆን ካላማዳሪውን በቸርኬው የሚያስቆርጥ ነው።

ቀጥሎ ካቴና። በአገራችን አቧራ ካቴና ቶሎ ያረጃል፤ የሚያስረጀውም ብዙ ጊዜ የፈሰሰበት ዘይት ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታፍስሱበት፤ ጥቁርና ወፍራም ስለሆነ አቧራውን ይዞ ካቴናውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በላምባ እጠቡት፣ በጨርቅ አድርቁት፣ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት በየመገጣጠሚያው ጠብ አድርጉ፣ ከዚያ ውጩን ጥርግ አድርጉት። ዘይቱ የሚያስፈልገው ውስጡ እንጂ ላዩ አይደለም። መርዘሙን በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ከአንድ ፒን መሃል ጀምራችሁ 24 ክፍል ቁጠሩ፤ አዲስ ካቴና ላይ ይህ ርቀት 304 ነጥብ 8 ሚሊሜትር ነው። 306 ተኩል ሲደርስ ካቴናውን ቀይሩ። 308 ካለፈ ጥርሱንም በልቶታል፤ ያኔ ካቴናውን ብቻ መቀየር አዲሱን በአሮጌው ማበላሸት ነው።

ፍሬን ሲጠበቅ ጎማውን ሳይሆን ቸርኬውን መንካቱን እዩ፤ ጎማ የሚነካ ፍሬን ጎማ ይቆርጣል። መፈተኛው ፍሬኑን ይዞ ብስክሌቱን ወደፊት መግፋት ነው፤ ከተንቀሳቀሰ ከግቢ አይውጣ። አራተኛው የዳዶዎች መጥበቅ ነው፤ ጎማ፣ መሪ፣ ኮርቻ፣ ፔዳል። የግራው ፔዳል በተቃራኒ እንደሚጠብቅ በሩ ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ይህን ሳያውቅ በጉልበት ያጠበቀ ጎረምሳ የፔዳሉን ክንድ ጥርስ ይላጨዋል።

መንዳት የማይችሉትንም አትርሱ፤ በተለይ ሴት ተማሪዎች ብዙዎቹ በልጅነታቸው ብስክሌት አልተሰጣቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ሜዳው ባዶ በሆነበት ሰዓት የሴቶች ብቻ የሆነ ትምህርት አዘጋጁ፤ አሠልጣኟም ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ተመልካች ይከልከል። ከኋላ ይዞ መሮጥ አያስፈልግም። ሁለቱንም ፔዳል አውልቁ፣ ኮርቻውን እግር መሬት እስኪረግጥ ዝቅ አድርጉ፣ በእግሯ እየገፋች ሚዛን ትለማመድ። እግሯን አንሥታ ጥቂት ሜትር መንሸራተት ስትጀምር ፔዳሉን መልሱ። ግቢ ውስጥ ያለ ስጋት መታጠፍና መቆም ሳትችል ባጃጅ ወደሚርመሰመስበት አስፋልት አትውጣ። ማታ ለሚነዳ ሁሉ የኋላ አንጸባራቂና የፊት መብራት ግዴታ አድርጉት።

ብስክሌቶቹ ከየት ይመጣሉ?

ከየዶርሙ ደረጃ ሥር። ተመራቂው ትቶት የሄደ፣ ጎማው የተነፈሰ፣ ዝገት የበላው ብስክሌት በየግቢው አለ። ግን ዝም ብላችሁ አንሥታችሁ አትጠግኑት፤ ባለቤቱ በመስከረም ቢመጣ ሌባ ትባላላችሁ። ከጥበቃና ከንብረት አስተዳደር ጋር ሆናችሁ እያንዳንዱ ላይ ቀኑ የተጻፈበት ካርድ እሰሩ፣ ማስታወቂያ አውጡ፣ የ60 ቀን ጊዜ ስጡ። ጠያቂ ያልመጣለት በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ለቤቱ ይተላለፍ። ከሦስቱ አንዱ ሁለቱን ለመጠገኛ መለዋወጫ እንደሚሆን ከወዲሁ አስቡ። የተጠገነውን ለአንድ ሴሚስተር በመታወቂያ አበድሩ፤ ቅድሚያ ግቢ ውስጥ ርቆ ለሚማር ወይም ከተማ ተከራይቶ ለሚኖር።

በመጨረሻም መጀመሪያ ላይ ወዳነሣነው «ማን ይረከባል?» ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። ሁለተኛው ሴሚስተር እንደገባ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ተረካቢ አድርጋችሁ ምረጡ፤ ሦስተኛ ዓመት እስኪደርሱ መጠበቅ መዘግየት ነው። የቆጣሪውን መዝገብ፣ የማገዶውን ሚዛን፣ የመሣሪያውን ቆጠራ እነሱ ይያዙ፣ እናንተ አጠገባቸው ቁሙ። ከሬጅስትራርና ከተማሪዎች አገልግሎት ጋር ተነጋግራችሁ የብስክሌት ቤቱን ስም ክሊራንስ ቅጹ ላይ አስገቡ፤ እንደ ላይብረሪው ሁሉ። ተመራቂው ሊያስፈርም ሲመጣ የተዋሰውን ቁልፍ ይመልሳል፤ የራሱ ብስክሌት ካለውም ይወስደው፣ ይሽጠው ወይስ ለቤቱ ይተወው እንደሆነ በፊርማው ያረጋግጣል። በሚቀጥለው ዓመት ካርድ የሚታሰርበት ብስክሌት ቁጥሩ የሚያንሰው ከዚያ በኋላ ነው።